የወደቀ፦ ዜሮ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ቢሮ፣ ስብሰባ፣ ምሳ፣ ስብሰባ። ከሰዓት ታላቅ እህቴ ደወለች። የልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ያለችው አሮጌ የጥልፍ ማሽን አኩርፋለች። የድሮውን ትጠልፋለች... አዲስ ስዕል ግን አልቀበልም ብላለች። ስዕልን ወደ ስፌት የሚቀይረው ፕሮግራሟ ተበላሽቷል፤ የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል።

"ለብረት ገዢው ልሰጣት ነው። ቦታ ያዘችብኝ።"

"እኔ እያለሁልሽ? አስተካክላታለሁ እታለም!"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ግን ምን ልበል? እማማ ያሳደገችን በዚያች ማሽን ነው። በጋሪ ተጭና ስትሄድ ማየት አልችልም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
የማሽኗን ሆድ ከፈትኩ። ውስጧ ያለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስሙን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። በዓለም ላይ የቀሩት ተጠቃሚዎቹ ቢሰበሰቡ አንድ ሚኒባስ አይሞሉም። ስዕል ወደ ስፌት የሚቀይር ጥሩ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የተጻፈው በፓይተን ነው። እሷ ደግሞ ፓይተን የሚባል ቋንቋ መወለዱንም አልሰማች። በላፕቶፔ ቀይሬ ላቀብላት አልኩ። ራሷ ያላዘጋጀችውን ስፌት አትነካም፣ ኩራቷ!

እንግዲያው ፓይተንን ወደሷ ማምጣት ነዋ።

ሲስተሙን የጻፉት ሰው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ኢሜይላቸውን አግኝቼ ያሰብኩትን በአንድ ሙሉ ገጽ አስረዳኋቸው። መልሳቸው፦ "ለምን?"

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
አንድ እንግዳ ብጠራ ከነዘመድ አዝማዱ መጣ። ፓይተን ራሱ ትናንት ገብቷል። ስዕል የሚያነበው ላይብረሪ፣ ማለትም ተጨማሪ የፕሮግራም ጥቅል፣ ግን ሌላ ላይብረሪ ካልቀደመ አልገባም አለ። ያንን ሳመጣ እሱ ደግሞ አጎቱን ጠየቀ። የአጎትየው ፍላጎት እዚህ ሲስተም ላይ ጭራሽ የለም... ቁጭ ብዬ ራሴ ጻፍኩት።

እታለም ከስፌቷ ቀና ብላ፣ "ቋንቋ ማስተማር እንዲህ ከሆነስ ዲዳ ሆና ትቅር" አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 13
ዛሬ ማን እንደኔ! ላይብረሪዎቹ የሚመጡት ከነመፈተኛቸው ነው፤ በደህና መግባታቸውን የሚያጣሩ ጥቃቅን ፕሮግራሞች። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስነሳሁ። ሻይዬ ሳይበርድ ፈተናው አለቀ። "የወደቀ፦ ዜሮ።" በመጀመሪያ ሙከራ! ብቻዬን ጨፈርኩ።

እታለም ወዲያው ስልኳን አነሳች። ልጇ የምትማርበት ትምህርት ቤት የደረት አርማ የሚጠልፍለት ሰው ፈልጎ ነበር። "ለሁሉም ተማሪ? እንችላለን! ወንድሜ ጨርሶታል።"

ለሽማግሌውም ጻፍኩ። ትንሽ ጉራም ጨመር አድርጌበት። ኬክ በላን።

አርብ፣ የካቲት 14
ሽማግሌው መለሱ፦ "ስንት ተፈተነ?"

ቅናት ነው።

አርብ፣ ከሰዓት
ቅናት አይደለም። የተፈተነ፦ ዜሮ።

ሌላው ዓለም የፋይል አድራሻ ሲጽፍ ፎልደርን ከፎልደር በጭረት ይለያል፣ ይኼ ሲስተም በሁለት ነጥብ። መፈተኛዬ የሌለ ቦታ ሄዶ፣ ማንንም ሳያገኝ፣ በሰላም ተመለሰ። ባዶ ክፍል ውስጥ ማን ይወድቃል? የአርማውን ስዕል ስሰጣት ማሽኗ ጭጭ። ለእታለም ምን ብዬ ልንገራት?

ቅዳሜ፣ የካቲት 15
ነገርኳት። መቀሷን አስቀመጠች።

"ኬኩን ግን በልተናል" አለች።

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ። በልጄ ትምህርት ቤት በር ተሸፋፍኜ ልለፍ?"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሐሙስ፣ የካቲት 20
ፎልደሩን አስተካከልኩ። የተፈተነ፦ መዓት። የወደቀ፦ መዓት። መውደቅ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ፣ የካቲት 24
ወደቀ። ወደቀ። አለፈ። ወደቀ። አለቃዬ "ምነው ከሳህ?" አለኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 27
አንድ ብቻ ቀረ፣ የቀን መቁጠሪያው ላይብረሪ። ማሽኗ ዛሬም እማማ ወጣት የነበረችበት ዓመት ላይ ነኝ ብላ ድርቅ አለች። ለጥልፍ ቀን ምን ያደርጋል? ተውኳት። የአርማውን ወፍ ሰጠኋት።

አሰበች... አሰበች... ከዚያ መርፌዋ ተነሳ። መጀመሪያ ምንቃሩ፣ ቀጥሎ አንዱ ክንፍ። ያ የምናውቀው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እታለም አፏን በእጇ ይዛ ቆመች።

"እማማ ጓዳ ያለች መሰለኝ" አለች።

አለቀስኩ። ምን ይደበቃል።

ለሽማግሌው ሁሉንም ቁጥር ላክሁላቸው፣ የወደቀውን አንዱንም ሳልደብቅ። መለሱ፦ "ጎሽ።"

ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

አርብ፣ መጋቢት 12
ከሥራ ወጥቼ እታለም ጋ ሄድኩ። ማሽኗ ከጥጉ ወጥታ መስኮቱ ሥር፣ ደህናው ብርሃን ላይ ተቀምጣለች። ቦታ ያዘችብኝ የሚል የለም። የተረፈ ምግብ ቀረበልኝ።

የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች፣ ወፏን ደረቷ ላይ አድርጋ።

"እማዬ! በዚህ ሳምንት አንድም ፈተና አልወደቅኩም!"

እታለም ከክሯ ቀና እንኳ አላለችም።

"ስንት ተፈተንሽ?"

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።