ኤፕሪልን መጠበቅ ላልቻለች እናት ስለተሰጠው መልስ

ይድረስ ለተከበሩ የቴንስሊ ኮሌጅ የተማሪዎች ቅበላ ዲን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ እላለሁ። እኛ ኦሃዮ ያለነው፣ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ከመጉደሉ በቀር፣ ደህና ነን። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መካኒኩ ሌናርድ ቩኮቪች ነኝ፤ ልጄ ኮሪን ከአመልካቾችዎ አንዷ ነበረች።

፩. ቀድሞ የመወሰን ዕድል ስለሰጡን አመሰግናለሁ። በኖቬምበር መጀመሪያ ያመለከተ በዲሴምበር አጋማሽ መልስ ያገኛል፤ ከተቀበላችሁት ግን ሌላውን ሁሉ ትቶ ሊመጣላችሁ በፊርማው ይታሰራል። የኮሪን ልብ ያለው ሌላ ኮሌጅ ነበር፤ ያኛው መልስ የሚሰጠው በኤፕሪል ብቻ ነው። ባለቤቴ ዳርሊን ደግሞ በካንሰር አልጋ ይዛ ነበርና የልጇን መግቢያ ሳታውቅ መሞት አልፈለገችም።

«እማዬ፣ ከፈረምኩ እኮ መመለሻ የለኝም» አለቻት ልጄ።

«እኔስ ኤፕሪልን መቼ ላያት ነው? ፈርሚ፣ የኔ ልጅ።»

ፈረመች። የወላጅ ፊርማም ያስፈልጋል ስላላችሁ እኔም ፈረምኩ።

፪. ዲሴምበር አሥራ አምስት ቀን ሦስታችንም አልጋው ላይ ተደርድረን ኮምፒውተሩን ከፈትን። ማመልከቻዋን «በጥልቅ አክብሮት» መርምራችሁ ውሳኔውን ወደ ኤፕሪል አስተላልፋችኋል። ስለ አክብሮቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮሪን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ዳርሊን ግን ሳቀች።

«አይዞሽ፣ እኔንም ሐኪሞቹ እንዲሁ ነው የሚሉኝ፤ እንጠብቅና እንይ!»

ኮሪን የእናቷን ሕመም ገልጻ መልሱን እንድታፋጥኑላት ለመነቻችሁ። «ሁሉንም አመልካች በእኩል ዓይን እናያለን» ብላችሁ መለሳችሁላት። ይህን ያህል ፍትሐዊ ሆኖ የማውቀው ሞትን ብቻ ነው።

፫. ዳርሊን ፌብሩዋሪ ዘጠኝ ቀን አረፈች።

፬. ኤፕሪል ሲገባ ተቀበላችኋት። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ብጥስጣሽ ወረቀት ዘነበ፤ ሙዚቃም ነበረው። ልጄ ሙዚቃው እስኪያልቅ ቆማ አየችና፣

«አባዬ፣ አሁን ለማን ነው የምናገረው?» አለችኝ።

አጠገቧ ነበርኩ።

ውሳኔውን በዲሴምበር ወደ ኤፕሪል ስታስተላልፉ የፊርማዋም እስር ተፈትቶ ስለነበር፣ ልቧ ወደነበረበት ኮሌጅ ልትሄድ ወሰነች፤ እዚያም ተቀብለዋታል። ደስ ሊለን ሞክረናል።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለሚወዷቸው ሁሉ ደግሞ በጊዜው የሚደርስ መልስን ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ ትሕትና እሰናበትዎታለሁ።

ሌናርድ ቩኮቪች፣ የዳርሊን ባል

ማስታወሻ፦ «ኮሌጃችንን ያልመረጡት ለምንድን ነው?» የሚለው መጠይቃችሁ ደርሶናል። ምርጫዎቹ ርቀት፣ የአየር ጠባይ እና «ሌላ» ናቸው። ከ«ሌላ» ጎን የተተወልን መስመር ስላጠረኝ፣ መልሱን በጋዜጣ ለማውጣት ተገድጃለሁ።