ስኳር የሌለበት ወይን

ውድ ዘመነ፣

የላክሃቸው ሽማግሌዎች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቢቸና ደረሱ። የሞጣው አጎትህ ጋሽ ሰማውና የኔታ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። ቃልህን ሳያጎድሉ ነገሩኝ፤ «ቀዩ ወይን ላይ ስኳር ትጨምር፣ ያንን የጭስ ጋን ትተው። አዲስ አበባ ሱቄ ውስጥ የሚሸጠው ጣፋጭ ነው። እሺ ካለች እታረቃታለሁ፤ እምቢ ካለች ትዳሩም በዚሁ ይብቃ» ብለሃል።

መልሴን በሰው አፍ ልልክብህ አልወደድሁም።

የተከልነው ወይን ያፈራበትን ያንን የመጀመሪያ ዓመት ታስታውሳለህ? እኔና አንተ ወይኑን ስንለቅም አክስቴ ወለተ ገብርኤል ጋኑን እንደ ጠላ ጋን በወይራ አጥነው ጠበቁን። ማን ይከልክላቸው? ጋን ሳይታጠን መጠጥ እንደማይገባበት ሲያውቁ ነው ያረጁት። ከርሞ ሲከፈት ቀመስህና መሬት ላይ ተፋኸው። «የተቃጠለ ቤት ይሸታል፤ ይደፋ!» አልህ። እኔ አልደፋሁትም። አንተ ግን ሻንጣህን ይዘህ ሄድህ።

አሁን ብትቀምሰው! መጀመሪያ የበሰለ አጋም አጋም ይላል፤ ቀጥሎ ምላስን ጨምደድ አድርጎ ይይዛል፤ ከዋጡት በኋላ የወይራው ጭስ ቀስ ብሎ ይመጣል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት አንተ ነህ፤ ቤትህ ይህ እያለ የባሕር ማዶ ጠርሙስ ትቸረችራለህ።

ለሽማግሌዎችህም ቀዳሁላቸው። ጋሽ ሰማው ፊታቸውን ቋጥረው «ወይ ጉድ! ይች ምን ሆና ነው እንዲህ የመረረች?» አሉ። የኔታ አፋቸው ውስጥ አቆይተው ዋጡና «ተው ሰማው፤ ትመራለች እንጂ አትዋሽም» አሏቸው።

«እንግዲህ ለልጁ ምን ብለን እንመልስለት?»

«እሱን አንተ አስብ። እኔ እጠጣለሁ» ብለው ብርጭቋቸውን ዘረጉልኝ።

የሆዴን ልንገርህ፦ እወድሃለሁ። አብረን የደረደርነውን የድንጋይ እርከን ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ነገር ግን አንተን ለማስመለስ ብዬ ዛሬ ወይኔን ካጣፈጥሁ፣ ነገ እኔኑ ልታጣፍጥ ትነሣለህ። «ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ ሰው ፊት አትከራከሪ» ስትለኝ ኖረህ የለም? አልችልም፤ ደግሞም አልፈልግም።

ስለዚህ ወይኑ ላይ ስኳር አይጨመርም፣ ጋኑም አይጣልም። ዘንድሮም አክስቴ በወይራ ያጥኑታል፤ ፍሙን የማቀብላቸው እኔ ነኝ። ትዳሩ ይብቃ ካልህም ይብቃ፤ አልቅሼ እወጣዋለሁ። ልምጣ ካልህ ግን በሩ ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ብርጭቆ እኔው እቀዳልሃለሁ፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ፣ ሳትተፋ ትጠጣዋለህ።

ስኳርህን ዓባይ ድልድይ ላይ አራግፈህ ና።

እስከዚያው ድረስ ሚስትህ፣
ባንቺዓለም
ቢቸና