ስለ አሮጌው ሰርቨር ፕሮሰሰርና ሊከፈት ስላልቻለው የምርመራ ውጤት

ለሆስፒታሉ ዋና ሥራ አስኪያጅ
በመዝገብ ቤት በኩል

ቀን፦ ሰኞ፣ 17/4

ጉዳዩ፦ የቢሮዎ ኮምፒውተር ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

አመልካች በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለው የሰርቨር ክፍል አሥራ አራት ዓመት ያገለገልሁ ቴክኒሻን ነኝ። በዚህ ጉዳይ ስጽፍ ይህ አራተኛዬ ነው። የቀደሙት ሦስቱ ለግዥ ኮሚቴ ተመርተው፣ ኮሚቴው ደግሞ ለንብረት ክፍል መርቷቸው እዚያው ቀርተዋል። ስለዚህ አሁን ጥያቄዬን አሳንሼ መጥቻለሁ።

1. ባለፈው ዓመት የላቦራቶሪው አምስት አሮጌ ኮምፒውተሮች እንዲወገዱና ፕሮግራሞቻቸው በሰርቨሩ ላይ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በአንድ ማሽን ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር ሆኖ በሚነሳ ሥርዓት፣ እንዲሠሩ ተወሰነ። አስቀድሜ ሰርቨሩን መርምሬ የንብረት ክፍሉን ቅጽ እንድሞላ ታዘዝሁ። ቅጹ ያለው ሁለት ሣጥን ብቻ ነው፦ «ይሠራል» እና «አይሠራም»። ሜሞሪ ይሠራል፣ ዲስክ ይሠራል፣ ፕሮሰሰር ይሠራል ብዬ ፈረምሁ። ውሸት አልጻፍሁም። ነገር ግን ለቨርቹዋል ማሽን የሚሆን ፕሮሰሰር ችሎታውን ከፋብሪካ ይዞ መውጣት አለበት፤ እንደ ሜሞሪ ኋላ ተገዝቶ የሚጨመርለት አይደለም። የእኛው ያ ችሎታ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። ቅጹ አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። በእኔ ፊርማ አምስቱ ኮምፒውተሮች ተፈታትተው ተወገዱ፤ የተረፉት ዲስኮቻቸው ብቻ ናቸው።

2. በአንዳንድ አሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ ችሎታው ኖሮ ተዘግቶ ይገኛል። ይህን ተስፋ አድርጌ የሰርቨሩን ማስተካከያ ገጽ ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ፈተሽሁ። የለም። አዲስ ሰርቨር ስጠይቅ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ «የሚሠራ ዕቃ አይተካም፤ ሲሞት ንገረን» አሉኝ። እንዳይሞት አሥራ አራት ዓመት አቧራውን ያራገፍሁ፣ ማራገቢያውን የቀያየርሁ እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ብሎን መፍቻ ይዤ ፊቱ ቆሜ ነበር። የካርድ ክፍሉና የመድኃኒት ቤቱ መዝገብ በእሱ ላይ ስለሆነ እጄ እምቢ አለኝ።

3. ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ የ1,140 ሕሙማን የናሙና ምርመራ ውጤት አለ፤ የሚከፈተው ግን በዚያው በላቦራቶሪው አሮጌ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ፕሮግራሙም አሁን ያለ ቨርቹዋል ማሽን አይነሳም። ከእነርሱ አንዷ ባለቤቴ ናት። ከስድስት ዓመት በፊት ከጡቷ እባጭ ወጥቶላት ነበር፤ ዘንድሮ ተመልሷል። ሐኪሟ የድሮውን ውጤት ካላገኙ መድኃኒቱን በግምት እንደሚያዙ ነግረውናል። በእጃችን የነበረው ወረቀት ቤት ስንቀይር ጠፋ፤ ዕቃውን የጫንሁት እኔ ነበርሁ። ባለቤቴ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሥራ ስመለስ «ዛሬስ ማሽኑ ተነሳልህ?» ትለኝ ነበር። አሁን «እጅህን ታጠብና ብላ» ብቻ ነው የምትለኝ። ይህን ለመሥሪያ ቤት መጻፍ አግባብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ የምነግረው ሰው ግን አጥቻለሁ።

4. በግቢው ያሉት የሠራተኞች ኮምፒውተሮች ሁሉ የሰርቨሩ እኩዮች ናቸው። ዲስኩን ከግቢ ማውጣት በሕሙማን ምስጢር ደንብ የተከለከለ ነው፤ ደንቡን አልቃወምም። ተስማሚ ፕሮሰሰር ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ አግኝቻለሁ፣ እሱም የእርስዎ ነው። ባለፈው ወር ማተሚያዎን ልጠግን ስመጣ አየሁት፤ ሳላስፈቅድ በማየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለጸሐፊዎ በቃል ባስረዳት «የአለቃ ኮምፒውተር አይነካም፤ ከፈለግህ ጻፍ» አለችኝ። ይኸው ጽፌአለሁ።

ስለዚህ ኮምፒውተሩ ለአንድ ከሰዓት በኋላ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ፋይሎችዎን አልነካም፤ ከፈለጉም ከጎኔ ቁጭ ብለው ይዩኝ። እንዲሁም በንብረት ክፍሉ ቅጽ ላይ «ለታሰበው ሥራ ይበቃል ወይ?» የሚል ሦስተኛ ሣጥን ቢጨመር፣ ከእኔ በኋላ የሚመጣው ቴክኒሻን እንደ እኔ አይፈርምም።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ እንዳስረዱኝ አንድ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ እስኪደርስ አሥር የሥራ ቀን ይፈጃል። የባለቤቴ ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ነው። ይህን በሚያነቡበት ጊዜ ሐኪሟ በግምት አዝዘውላት ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን ማመልከቻዬ እንዳይዘጋብኝ እለምናለሁ። የቀሩት 1,139 ሰዎች ቀጠሯቸው መቼ እንደሆነ አላውቅም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የሰርቨር ክፍል ቴክኒሻን

አባሪ፦ በእጄ ጽሑፍ «ይሠራል» ተብሎ የተሞላው ቅጽ፣ አንድ ገጽ