መካኒኩ በግራ እጁ የነገረን

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚጠዘጥዝሽ ወገብሽስ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ ክፉ ጎረቤት ከእንቅልፍሽ ይቀሰቅስሻል? ምግብስ ይበላልሻል? ዓይንሽስ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን። ባለቤቴም ደህና ናት። ይኸው አጠገቤ ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየላጠች «ሰላም በልልኝ» ትላለች። ዓይኗ የሚያለቅሰው በሽንኩርቱ ነው እንጂ በእኔ አይደለም።

እትዬ፣ አሁን ወረቀቱን አገላብጠሽ «ማን ጻፈለት?» አትበይ። ጸሐፊው እኔው ነኝ። በልጅነቱ ጠመኔ ሲያይ አጥር ዘሎ የሚጠፋው ያ ወንድምሽ። የማታ ትምህርቱን ጨረስኩልሽ! ከክፍሉም አንደኛ ወጣሁ። ባለቤቴ «ስንት ሆናችሁ እንደተማራችሁም ጻፍላት እንጂ» ትላለች፤ የተማሪ ብዛት ለእውቀት ምን ያደርጋል? አስተማሪያችን ራሷ «ጋሼ፣ የእርስዎ ፊደል እኮ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ይቆማል» ብላኛለች። በስልክ እንዳላወራሽ ደግሞ ነገሩን ታውቂዋለሽ። አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እኔ «ምን?» እላለሁ፣ ጎረቤት ምን መጣ ብሎ ይሰበሰባል። ዕድሜ ልኩን የሽመና ማሽን መሐል ከቆመ ጆሮ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ወረቀት ግን አያስጮህም። ስለዚህ በዚህ በጋ የሆነውን፣ የድሮው መካኒካችን የገጠመውን ነገር፣ ከሥር ከመሠረቱ ላጫውትሽ።

ጡረታ የወጣ ሰው ጥግ ይዞ ይቀመጣል ይባላል። እኛ ግን እግራችን ቤት አልረግጥ አለ። ጠዋት ወደ ሐይቁ ወርደን ዓሣ እናጠምዳለን፤ ከሰዓት በጡረተኞች ማኅበር አዳራሽ ሙዚቃ እንለማመዳለን፤ በመሐል የማኅበሩ ስብሰባ አለ። ፀጉር አስተካካዩ ጊታር ይጫወታል፤ ዳቦ ጋጋሪው ዋሽንት ይነፋል፤ ባለቤቴ ትዘፍናለች፤ እኔ ከበሮ እመታለሁ። «በየትኛው ጆሮህ?» እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጫማዬን አውልቄ ሙዚቃውን ከሳንቃው ወለል ላይ በእግሬ ነው የምሰማው። እንደኔ ያለ ከበሮ መቺ በዚህ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም ይባላል። የሚለው እኔ ነኝ፤ ግን እስካሁን የተቃወመ የለም።

ዓሣውንማ ተዪው። ዓሣ ዝምታ ይወዳል። ሌላው አጥማጅ ወሬ ሲጀምር ዓሣው ነቅሎ ይሄዳል፤ እኔና ባለቤቴ ግን ድምፅ ሳናሰማ ውለን እናወራለን። በማሽን ቤቱ የእጅ ወሬ ነዋ! ልትጠይቂን የመጣሽ ጊዜ ገበታ ላይ በእጃችን ስንሟገት አይተሽ «እነዚህ ልጆች ምን ለከፋቸው?» ያልሽው። ማሽን ቤት ውስጥ ሰው ጆሮሽ ሥር ቢጮህም አይሰማም። ስለዚህ ክር ተበጠሰ፣ ማሽኑ ፈጠነ፣ አለቃው መጣ፣ ታምሪያለሽ፣ ሁሉም በእጅ ነበር። ባለቤቴን ያገባሁትም በእጄ ጠይቄ ነው። እሷም ከማሽኗ ማዶ ሆና «መጀመሪያ የተበጠሰ ክርህን ቀጥል» አለችኝ። ቀጠልኩ፤ አገባችኝ።

መካኒኩን ሳታስታውሺው አትቀሪም። ሻንጣሽን ከአውቶቡስ መናኸሪያ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣልሽ ያ ረጅሙ፣ ቀልደኛው። ከሥራ ሲወጣ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ካቻምና ከእኛ ጋር ጡረታ ወጣ፤ አምና ደግሞ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱም ተዘጋ። ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ሩቅ ከተማ ውስጥ ከቤቷ የፊት ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ሥራዋን ዘግታ መጥታ ታስታምመው ጀመር። አንጀት ትበላለች እትዬ! አባቷ ያለቅሳል፤ ውሃ ጠምቶት ይሁን አሞት አታውቅም። ግራ እጁን ያወናጭፋል፤ ሐኪሞቹ ይህም ከሕመሙ የመጣ ነው አሏት። እኛም ልንጠይቀው ስንሄድ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር የምናገኘው። በመጨረሻ «አባዬ ሰው መለየት ትቷል» ብላ፣ እዚያው እሷ ከተማ ነርሶች ያሉበት የአረጋውያን መኖሪያ ቦታ ያዘችለት። በጋው ሲያልቅ ልትወስደው ሆነ።

«እስከዚያ ቢያንስ ሙዚቃ ይስማ» አለች ባለቤቴ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋን አዳራሹ አመጣነውና ከፊታችን አስቀመጥነው። እኔም ለእሱ ብዬ ያን ቀን ከበሮውን እንዴት እንደመታሁት! ጣሪያው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ድንገት ግራ እጁ ከጉልበቱ ላይ ተነሳች። መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ዝቅ ዝቅ አደረጋት። አእምሮዬ ገና ሳያስብ እጄ ከበሮውን ዝግ አደረገው። ባለቤቴም ዘፈኗን ከመሐል ቆረጠችው። ፀጉር አስተካካዩ «ምን ሆናችሁ?» ይላል፤ ምኑን ያውቀዋል! ምልክቱ «ማሽኑ ፈጥኗል፣ አብርደው» ማለት ነው። አየሽ ጉዴን? ይህን ሁሉ ወር ቃል ሳይወጣው የከረመ ሰው፣ መናገር ሲጀምር የመጀመሪያ ነገሩ የእኔን ከበሮ መስደብ!

ባለቤቴ ሮጣ ሄዳ ፊቱ ተንበረከከችና በእጇ «ታውቀኛለህ?» አለችው። እሱም «አንቺንማ አውቅሻለሁ። ይሄን ከበሮ መቺ ማን ቀጠረው?» አላት። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። የእኔ ግን ለከበሮዬ ነው።

ልጁን ጠርተን ነገርናት። አላመነችንም፤ «ስለምትወዱት ነው» አለች። ባለቤቴ «እስቲ ምን እንደሚፈልግ ልጠይቀው» ብላ ጠየቀችው፤ «ብርድ ልብሱ ይኮሰኩሰኛል፣ ስንት ጊዜ ገፍቼ ልጣለው?» አለ። ልጅቷ ያን ብርድ ልብስ በየቀኑ ከመሬት አንስታ መልሳ ታለብሰው ነበርና ይህን ስትሰማ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ቆይታ ግን «ከእናንተ ጋር ያወራል። እኔ ጋ ሲሆን ያው ዝም ነው። ሌሊት ቢያመው በምን አውቃለሁ? ነርሶቹ ይሻሉታል» አለች። የመሄጃው ቀን እንደተያዘ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ይዘነው እንወርዳለን። ዘንጉን በግራ እጁ ሥር አስደግፈንለት ሦስታችን ስናወራ እንውላለን። የወጣትነት ወሬ፣ የአለቆች ሐሜት፣ ሁሉም ወጣ። የእኔን የመንጠቆ አስተሳሰር አይቶ «ይሄ ቋጠሮ ነው ወይስ የታመመ አንጀት?» ይለኛል። ይህን ሰው የት ነው የሚወስዱብኝ? ብዬ ቆርጬ ተነሳሁ።

የማኅበሩ ስብሰባ ዕለት ቃል ጠየቅኩ። እትዬ፣ ንግግሬን ብትሰሚው! «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤ እኛ ሸማኔዎቹ አንድ መካኒክ ማስቀረት ያቅተን?» አልኩ። ዳቦ ጋጋሪው ቁርሱን ሊያመጣ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሊላጨው፣ ጡረተኛዋ ነርስ ልታጥበው፣ እኔ ደግሞ ሐይቁ ዳር ላውለው ቃል ተገባባን። ጭብጨባው ወለሉን ሲያነቃንቀው በእግሬ ሰማሁት። መካኒኩ ያን ቀን ቤቱ ተኝቷል፤ ልጁ ግን ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልብ አላልኳትም።

ልክ ድምፅ ሊሰጥ ሲል ባለቤቴ ከኋላ ወንበር በእጇ «እሱን ጠይቀኸዋል?» አለችኝ። እንዳላየ አለፍኳት። ደገመችው፣ አሁን ጮኻ። በእጅ ወሬ መጮህ ማለት እስከ ክርን መጠቀም ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት የማሽን ቤት ሰዎች ሁሉ አነበቡና አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። በአገሩ ሁሉ የእሱን ወሬ ከሚሰሙት ጥቂት ሰዎች አንዱ እኔ ሆኜ፣ ስለ ቋጠሮ ስንከራከር ስንውል፣ የት መኖር እንደሚፈልግ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። «ጉዳዩ ለነገ ይቆይ» ብዬ ተቀመጥኩ። በንግግር ታሪኬ እንዲህ ያለ አጨራረስ ገጥሞኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ልጁን ጨምረን ሐይቁ ዳር ወረድን። ባለቤቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጠየቀችው። መንጠቆዬን ዓሣ ጎተተው፤ ዞሬም አላየሁት። ከዚያ እጁ ተነሳች፤ ቀስ እያለ፣ እያረፈ ተናገረ። ለልጅቷ በድምፅ የተረጎመችላት ባለቤቴ ናት።

«ልጄ ስታድግ እኔ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። እኔ ስገባ እሷ ትምህርት ቤት ናት፤ እሷ ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። ጠግቤ አላየኋትም። አሁን ስትሰፋ አጠገቧ ልቀመጥ። የሽማግሌ ቤት ግን አልገባም። እሷ ቤት ቦታ ከሌለኝ እዚሁ ከዚህ ጉረኛ ጋር ልቅር።»

ልጅቷ እጁን ይዛ «አባዬ፣ ቦታማ አለኝ፤ እጅህን ማንበብ ነው የማልችለው!» አለች። እሱም እጁን ከእጇ አስለቅቆ «ሲወለድ የሚያውቀው የለም። ይሄ ከበሮ መቺ እንኳ ተምሮታል» አላት። ባለቤቴ ይህን ስትተረጉም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እየሳቀች ነው።

እንግዲህ ሌላ የማታ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በእኛው ጓዳ፣ በእኛው ጠረጴዛ ላይ። ዋናዋ አስተማሪ ባለቤቴ፣ ዳይሬክተሩ እኔ። ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናትና ጣቷ ፈጣን ነው። ችግሩ የእኛ የእጅ ወሬ የማሽን ወሬ መሆኑ ነው። ሕመም የሚል ምልክት የለንም፤ ማሽን ቤት ውስጥ ማን ነበር አመመኝ ብሎ የሚሰማው! ስለዚህ «ክር ተበጠሰ» ይልና የተበጠሰበትን ቦታ በጣቱ ያሳያታል። ሲርበው «ማግ አለቀ» ይላል። አንድ ቀን «ጀርባህን ልሽህ?» ለማለት ፈልጋ «ዘይት ላጠጣህ?» አለችው፤ እሱም «ግራሶም ካለ ጨምሪበት» አላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ እንደዚያ ስትስቅ ያየናት ያን ጊዜ ገና ነው። የአረጋውያኑን መኖሪያ በማግሥቱ ደውላ ተወችው።

ባለፈው ሳምንት ሸኘናቸው። የአውቶቡሱ መስኮት ዝግ ነው፤ ሞተሩ ያጓራል፤ ሸኚው ሁሉ «ደህና ሁን! በርታ!» ይላል፤ ከውስጥ ማን ሊሰማው? እኛ ሦስታችን ግን በመስታወቱ ውስጥ እንደ ልባችን አወራን። «ፈረቃዬን አስረክቤያለሁ፣ ማሽኑ ደህና ነው» አለን። ከዚያ ልጁ ከጎኑ እጇን አነሳች። ጣቶቿ እየተሳሳቱ፣ እንደገና እየጀመረች፣ «እኔ ይዤዋለሁ» አለች። ባለቤቴ እስከ ክርኗ ተጠቅማ መለሰችላት። እኔ ምንም አላልኩም። አንዳንዴ እኔም ዝም እላለሁ፤ ከፈለግሽ ባለቤቴን ጠይቂያት።

ሐይቁ ዳር አሁን ሁለታችን ብቻ ነን። ሦስተኛውን ዘንግ ግን ይዘን ነው የምንወርደው።

እትዬ፣ አንድ ነገር ቀረኝ። ትልቁ ልጅሽ ለባለቤቴ ደውሎ፣ ቤትሽን ዘግተው ወደ እነሱ ሊወስዱሽ እንደሚመካከሩ፣ «አጎቴስ ምን ይላል?» እንዳለ ነገረችኝ። እንደምታውቂኝ ምክር አይጠፋኝም፤ ስለማላውቀው ነገር ደግሞ ይበልጥ አለኝ። ለእሱ ግን ገና አልመለስኩለትም። አንቺ ምን ትያለሽ? እዚያው በለመድሽው ደጅ መኖር ነው የምትፈልጊው? ከልጆችሽ ጋር ነው? ወይስ እኛ ጋ ትመጫለሽ? እስከ ዛሬ ደብዳቤሽን ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩ ላይ ሰው አስቀምጦ ጮክ ብሎ ነበር የሚያነብልኝ፤ አንቺም ይህን ስለምታውቂ «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ብቻ እያልሽ ነው የኖርሽው። ከእንግዲህ ግን በእኔና በአንቺ መሐል ማንም የለም። የሚያስከፋሽንም፣ የምትፈሪውንም ጻፊው። በሬን ዘግቼ እኔው አነበዋለሁ።

ለትልቁ ልጅሽና ለሚስቱ፣ ቁመቷ አንቺን አልፏል ለተባለችው የልጅ ልጅሽ፣ ማታ ማታ መጥታ ለምታጫውትሽ ጎረቤትሽ፣ ለዚያ እኔን ሲያይ ብቻ ለሚጮኸው ውሻሽም ሳይቀር ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ባለቤቴ ጉልበትሽን ትስማለች፤ እኔ ሁለቱንም።

ታናሽ ወንድምሽ፣ በገዛ እጁ

ከሐይቁ በላይ ካለው ሰፈር፣ ከጓዳው ጠረጴዛ
ግንቦት 24 ቀን