ጉም የጣለው አውሮፕላን

ውድ ወንዳፈረው፣

የላክኸው ሰው መልእክትህን አድርሶኛል። «ስሜ ከጊቤ ወዲህም ወዲያም ተሰምቷል፤ አውሮፕላን የጣለ ሰው ሚስት ሆነሽ በጠላት እጅ አትቀመጪ፤ ነዪ» ብለሃል። አልመጣም። ለምን እንደማልመጣ ልንገርህ፤ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው ስማኝ።

አውሮፕላኑ የወደቀ ቀን ፎንቆ ገበያ ነበርኩ። የፈተልኩትን ሸጬ ወደ ዋቸሞ፣ ወደ ቤታችን ልመለስ ስል ዝናቡ ወረደ፤ ተከትሎም ጉሙ መጣና ጋራውን ዋጠው። ብርነሽ የምትባል የሀዲያ ሴት፣ የድሮ ደንበኛዬ ናት፣ እጄን ይዛ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ባሏ ላምቦሬ ከብቶቹን ሲያስገባ ደረስን። ድምፁን የሰማነው ያን ጊዜ ነው።

ያ ድምፅ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለህ። ሮጠን እንሰቱ መሀል በሆዳችን ተኛን። ቦምብ ግን አልጣለም። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ላምቦሬ ቀና ብሎ «ጠፍቶበታል» አለ። እውነትም መንገድ የጠፋው ሰው ይመስል ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለአፍታ ያህል መውጫውን ባገኘ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው የወንድሜ ቤት በአውሮፕላን ቦምብ ከነልጆቹ እንዴት እንደነደደ ትዝ አለኝና በራሴ ተናደድኩ። ንዴቴ ሳይበርድ አውሮፕላኑ ከጋራው ተላተመ። መሬቱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ።

አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም፣ ወንዳፈረው። ጉሙ አጠገቤ የቆመችውን ላም እንኳ አያሳይም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ከሰፈሩ ሰው ጋር ወጣን። አራት ነጮች ነበሩ፤ አንድም የተረፈ የለም። አንዳንዱ «ጅብ ይብላቸው» አለ። እኔም አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብርነሽ ግን «ጅብ እዚህ የሰው ሥጋ ከለመደ ነገ የሚበላው የኔን ልጅ ነው» አለችና ከእንሰቱ ቆባ ቅጠል ትቆርጥ ጀመር። በቅጠል ጠቅልለው ቀበሯቸው።

ብዙም ሳይቆይ ያንተ ፉከራ ዋቸሞ ደረሰ። «ወንዳፈረው አንድ ጥይት ተኩሶ አውሮፕላን ጣለ!» እናትህ እትዬ አሰገደች በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን በነጠላቸው አፍነው እልል አሉ። እኔ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አብሬ ሳቅኩ። ያን ሰሞን በወባ ተኝተህ ኪኒን ላኩልኝ ብለህ ነበር፤ ኪኒኑን ፈልጌ የላክሁልህ እኔው ነኝ። ቢሆንም እውነት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። ያንተ ጥይት ቢሆን ኖሮ የወንድሜን ልጆች የካሰኝ መስሎኝ ነበር።

ፉከራህን ጣልያንም ሰማ። «ተኳሹን ያበላ፣ የደበቀ ፎንቆ ነው» ብሎ የፎንቆን ወንዶች ሰብስቦ አሰረ፤ ካላወጡት እንደሚረሽናቸው በገበያ አስለፈፈ። ላምቦሬም አብሮ ታሰረ።

ብርነሽ በእግሯ ዋቸሞ መጥታ ደጃፌ ላይ ቆመች። አላለቀሰችም።

«ባልሽ ያለው ውሸት ነው። አንቺ አይተሻል። በሱ ውሸት የኔ ባል ይሞታል?»

ነጠላዬን አነሳሁ። እናትህ በሩ ላይ ቆሙብኝ።

«የልጄን ስም በጠላት ፊት ልታዋርጂ ነው? ከስሙ ሌላ ምን ተረፈኝ?»

«ስሙ በሌላ ሰው ደም ከሚቆም ይውደቅ፣ እትዬ» ብዬ ወጣሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሚስትህ መሆኔን ጣልያን አያውቅም ነበር።

የጣልያኑ ሻለቃ ዘንድ አቀረቡኝ። አውሮፕላኑን ጉም እንጂ ሰው እንዳልጣለው ተናገርኩ። በአስተርጓሚው በኩል «በምን እናምንሻለን?» አለኝ።

«የፎከረው ባሌ ነው። ጣልኩ ባለበት ቀን ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር» አልኩ።

አስተርጓሚው ደነገጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እመቤት፣ ይህን ልተርጉመው?» አለኝ።

«ተርጉመው።»

ሻለቃው ከወንበሩ ተነሳ። «የት ነው የተኛው?»

«ባል የሚተኛበትን ለሚስቱ ይናገራል?»

አስተርጓሚው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔን በጥፊ መቱኝ። ቆሜ ቀረሁ እንጂ አልወደቅሁም። «እናንተን የሚገድል ባል ስላለኝ አላፍርም» አልኩት፤ «እነዚህን ግን እሱ አልገደላቸውም። ብረቱ እዚያው ጋራ ላይ አለ፤ ሰው ልካችሁ የጥይት ቀዳዳ ፈልጉ።»

ላኩ፤ ፈለጉ፤ አጡ። የፎንቆ ሰዎች ተገርፈው ተፈቱ። ሁሉም ግን አልተፈቱም፤ አንድ ሽማግሌ እዚያው እስር ቤት ሞቱ። ላምቦሬ ቀኝ እጁን ተሰብሮ ወጣ፤ ዛሬ ሞፈር መጨበጥ አይችልም። እኔን የሽፍታ ሚስት ብለው አስቀሩኝ። ለመንገዳቸው ድንጋይ ስሸከም ከረምኩ። ያንተን መደበቂያ በጠየቁኝ ቁጥር አላውቅም አልኩ። ጀርባዬ ላይ ያለውን ጠባሳ አንድ ቀን ታየው ይሆናል፤ ያኔ ማን ዝም እንዳለልህ ይገባሃል።

ከተፈታሁ ወዲህ ፎንቆ ነኝ፤ ከነብርነሽ ጋር። ላምቦሬ የማይችለውን እኛ እንቆፍራለን። ጣልያን በመንገዱ ሲያልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ፤ ዓይኔን አልሰብርለትም። እሱ ነገ ሂያጅ ነው። እኔ እዚሁ ነኝ።

አርበኛነትህን አልካድኩም። ፊት ለፊት ቆመህ የተዋጋኸውን ማንም ቢያስተባብል እኔ እመሰክራለሁ። ሰው ልጄን ላሳድግ በሚልበት መንደር ላይ በሐሰት የቆመውን ዝናህን ግን አልካፈልም። ፎንቆ መጥተህ በላምቦሬ ፊት፣ በሟቹ ሽማግሌ ልጆች ፊት «አልጣልኩትም» ባልክ ቀን ቤቴ ቤትህ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሚስቴ ብለህ አትላክብኝ።

ይህን ደብዳቤ ለብቻህ አታንብበው። የፎከርክበት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ከመሀላቸው ድምፁ ጎላ ያለው ይነሳና ያንብብላችሁ። ተቆጥተህ ብትቀደው ግድ የለኝም፤ ሌላ እጽፋለሁ።

እህተማርያም
ፎንቆ