ወተት ይጠላል ስለተባለው የክርስቲያን ሆድ

ከመካነ ሰላም፣ ሚያዝያ ፲፱፻፷፮ ዓ.ም.

በባሕር ማዶ በጎ አድራጊዎች ገንዘብ የረሃብን በሽታ ለሚመራመሩት፣ ለዩኒቨርስቲው ክቡር ፕሮፌሰር፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የመንገዳችን አቧራ ደረትዎን እንዳላወከው፣ መኪናዎም አቀስታን ተሻግሮ ደሴ በደኅና እንዳደረሰዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የተረፍነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን።

እርስዎ ጥናትዎን ባካሄዱበት በትምህርት ቤቱ ግቢ ከረሃብ ሸሽተው ተጠልለው ለነበሩት ለብዙዎቹ ክርስቲያኖች የንስሐ አባታቸው ነኝ። ዘንድሮ የአገሩ ሰው ሁሉ አፉ ተፈቷልና እኔም ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ደፈርኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም አልቀየምም።

አንደኛ፤ ቸር ሰዎች ረሃብተኛ በምን እንደሚያገግም ይጠና ብለው በሰጡት ገንዘብ የዱቄት ወተት ስላመጡልን እናመሰግናለን። የመጣው በዐቢይ ጾም ነበር። እስላም ጎረቤቶቻችን ጠጡት፤ ክርስቲያኖቹ ግን እጅ ነሥተው መለሱት። እርስዎም ማን ጠጣ፣ ማን መለሰ የሚለውን በታላቅ ትጋት አስመዘገቡ፤ ለምን መለሳችሁ ብሎ መጠየቅ የሊቅ ወግ አለመሆኑን ከእርስዎ ተማርኩ።

ሁለተኛ፤ ጾም ለታመመ እንደማይጸና፣ ገብቼ አንድ ቃል ብናገር ሁሉም እንደሚጠጡ ከደጅዎ ቆሜ በአስተርጓሚዎ በኩል ብለምንዎት፣ ካህን ከገባ ጥናቱ ይበላሻል ብለው በዘበኛ ስለመለሱኝ ውለታዎ አለብኝ። ሰው ቢሞት ሌላ ይወለዳል፤ ጥናት ቢበላሽ ግን ለገንዘቡ ባለቤቶች ምን መልስ ይሰጣል?

ሦስተኛ፤ በለጥሻቸው የምትባል፣ ጡት የምታጠባ የንስሐ ልጅ ነበረችኝ። ከጎኗ የምትተኛው ሩቂያ ጣሳውን ወደ አፏ እያስጠጋች «በአላህ ይዤሻለሁ፣ እኔ ልጹምልሽ፣ አንቺ ጠጪ» ስትላት ሰነበተች። እሷ ግን የእኔን ፈቃድ ትጠብቅ ነበር፤ እኔም ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። በሰሙነ ሕማማት ሞተች። በዚያ ሳምንት ፍትሐት አይደረግምና እንዲያው አፈር አለበስናት። ክቡር ሆይ፣ ተጸየፍኩዎት፤ ለዚህ የሚሆን ትሕትና ያለው ቃል ፈልጌ አጣሁ።

የቀረውን በቁጥር ማስቀመጥ ሰለቸኝ። በስንብትዎ ዕለት ሹማምንቱን ሰብስበው፣ የክርስቲያን ሆድ ረሃብ ሲጠናበት ወተት ይጠላል የሚል አዲስ ግኝት አበሠሩ፤ እነሱም አጨበጨቡ። ከዚያ የተረፈውን ወተት ለሚቀጥለው ጥናት ብለው አስጭነው ሄዱ። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም። የበለጥሻቸው ልጅ በሩቂያ እጅ አለ፤ ሩቂያም ጡቷ ደርቋል። ስለዚህ ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ወተቱን እንዲመልሱልን እለምናለሁ።

ዕድሜዎን እንደ ግኝትዎ ያርዝምልን እያልኩ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ የምሰናበትዎ፣

ቄስ ወልደሩፋኤል

ይድረስ ብዬ ከፈረምኩ በኋላ፦ ሕፃኑ ክርስትና የተነሣ ነው፤ ሩቂያ ከጎረቤት የለመነችውን የፍየል ወተት በጣቷ እየነከረች ስታጠባው አይቻለሁ፤ አይጠግብም። መጥተው ሊመለከቱት ይችላሉ። በእኛ አገር ግን እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ለማየት ባዶ እጅ አይኬድም።