«በቅድሚያ ምን ማድረግ ይገባል?» ብለው ለሚጠይቁን ክቡር ኃላፊ

ለተከበሩ የፕሮጀክት ሥራ አመራር ብቃት ማረጋገጫ ፈተና ማዕከል የበላይ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ በተለይ የቀኝ ትከሻዎ እንዴት እንደሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ። ትከሻዎ ለምን እንዳሳሰበኝ ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

እኔ ሊፍት የሚገጥምና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ የምሠራ መሐንዲስ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ በቅርቡ ደግሞ በእርስዎ ፊርማ «ፈተናውን በገዛ ፈቃዷ ያቋረጠች» ተብዬ የተመዘገብኩ ተፈታኝ ነኝ። ባልደረቦቼ «እሳት አደጋ» ይሉኛል። ስሙ የወጣልኝ አንድ ነገር ተበላሸ ሲባል የተናጋሪው አፍ ሳይገጠም ከወንበሬ ስለምነሣ ነው። ይህ ጠባይ ለሊፍት ሥራ ቢበጅም ለእርስዎ ፈተና ግን እንደማይበጅ ተምሬያለሁና፣ ስለ ትምህርቱ ምስጋናዬን፣ ከምስጋናው ጋር ተጣብቀው የመጡትን ቅሬታዎቼንም በተርታ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥያቄዎችዎ። ማዕከልዎ ያሳተመውን መለማመጃ መጽሐፍ ገና ስከፍት ያገኘሁት ጥያቄ «በግንባታ ላይ ባለ ሕንፃ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ፈንድቶ ወለሉን እያጥለቀለቀ ነው፤ የፕሮጀክቱ ሥራ አስኪያጅ በቅድሚያ ምን ማድረግ ይገባዋል?» የሚል ነበር። ከምርጫዎቹ አንዱ «ወዲያውኑ ውኃውን መዝጋት» ስለሚል፣ ይህን ለመጠየቅስ ምን ወረቀት ማባከን ያስፈልግ ነበር እያልኩ አከበብኩት። መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ባየው «ስሕተት፤ በቅድሚያ ችግሩ በጊዜ ሰሌዳው ላይ የሚያስከትለውን ተጽዕኖ መተንተን ይገባል» ይላል። በእርስዎ ዓለም ውኃው ጨዋ ስለሆነ ትንታኔው እስኪያልቅ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው፤ እኛ ሰፈር ያለው ውኃ ግን እንዲህ ያለ አስተዳደግ አላገኘም። ውሎ አድሮ ምስጢሩ ገባኝ፦ «ወዲያውኑ» የምትል ቃል የተሰካችበት ምርጫ ሁሉ ለእንደኔ ዓይነቷ የተጠመደ ወጥመድ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህችን ቃል ባየሁ ቁጥር የማያውቀው ውሻ እንዳጋጠመው ሰው በሌላኛው ጥግ ማለፍ ጀመርኩ።

ሁለተኛ፤ ስለ ባለቤቴ። ክቡርነትዎ አያውቁትም እንጂ ባለቤቴ ጥያቄዎቹን ማእድ ቤት ተቀምጦ እያነበበ ያስጠናኝ ነበር። የፕሮጀክትን ነገር የማያውቅ ሰው ቢሆንም ሁሉንም እየመለሰ አስገረመኝ፤ ነገሩን ሳጤነው ግን በተፈጥሮው ምንም ነገር ከመሥራቱ በፊት ረዘም ላለ ጊዜ የሚያስብ ሰው ስለሆነ መጽሐፉ ለእሱ የተጻፈ ነበር። ችግሩ የመጣው ጠባዩ እውቅና ካገኘ በኋላ ነው። የእቃ ማጠቢያው ቱቦ ሲያንጠባጥብ እንዲጠግነው ብነግረው፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ «በመጀመሪያ የችግሩን ሥር መለየት አለብን» አለኝ፤ ሥሩ እየተለየ ሳለም ውኃው ሳሎን ገብቶ ምንጣፉን አዳረሰ። ትንሿ ልጄ ሳትቀር የቤት ሥራሽን ለምን አልሠራሽም ስላት «ባለድርሻ አካላትን እያማከርኩ ነው» ማለት ጀምራለች። ቤቴን ስላሠለጠኑልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ፈተናው ዕለት፤ ዋናው ቅሬታዬ ይህ ነው። ድርጅታችን የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ሊፍቶችን በሙሉ የመቀየር ሥራ አግኝቷል፤ ሆስፒታሉም የፕሮጀክቱ መሪ የእርስዎ ሰርተፍኬት ያለው ሰው ብቻ እንዲሆን ጠይቋል። በሽተኛ በቃሬዛ ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ሰዎች ያየሁት እዚያው ሆስፒታል ስለሆነ ሥራውን እጅግ ፈልጌው ነበር፤ ልጆቼን እያስተኛሁ፣ ወጥ እያማሰልኩ ያጠናሁትም ለዚሁ ነው።

በዕለቱ አምስተኛ ፎቅ ላይ ባለው አዳራሽዎ፣ በየኮምፒውተራችን ፊት በጠባብ ከለላ ተለያይተን ተቀመጥን። ትሑቷ የፈተና ተቆጣጣሪ ያለ ፈቃድ ከክፍሉ የወጣ ሁሉ ፈተናው እንደሚዘጋበት አስጠንቅቃ አስጀመረችን። ፈተናው እየሄደልኝ ነበር። «ወዲያውኑ»ን እየዘለልኩ፣ እየተነተንኩ፣ እየመዘገብኩ፣ ስብሰባ እየጠራሁ ከግማሽ አልፌ ሳለ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ በባትሪ ስለሚሠሩ ሰዓቱ መቁጠሩን ቀጠለ፤ ከኮሪደሩ ማዶ ግን ብረት በጫማ የሚደበድብ ሰው ድምፅ መጣ። ሊፍት ውስጥ ሰው ቀርቶ ነበር።

ይመኑኝ፣ እንደ ትምህርትዎ ወዲያውኑ አልተነሣሁም፤ በቅድሚያ ሁኔታውን ገመገምኩ። ሊፍት ውስጥ የቀረ ሰው አየር አያጥረውም፣ ሳጥኑም ተበጥሶ አይወድቅም፤ ሰው ሁሉ የሚፈራው ይህን ነው እንጂ እኛ የምንፈራው ሌላ ነው። ጥቂት ቆይቶ ያ የምንፈራው ድምፅ ተሰማኝ፦ በር በግድ ሲፈለቀቅ የሚያወጣው ጩኸት። በሁለት ፎቅ መካከል በቆመ ሊፍት ውስጥ ያለ ሰው በሩን ፈልቅቆ ወደ ታችኛው ፎቅ ልዝለል ካለ፣ ከሳጥኑ ሥር አፉን ከፍቶ የሚጠብቀው ባዶው ጉድጓድ ነው።

እጄን አወጣሁ። ለተቆጣጣሪዋ ሥራዬ ይኸው መሆኑን፣ ሰውየውም በሩን መልቀቅ እንዳለበት ነገርኳት። እሷም የልጅ ልብ ስላላት ደነገጠችና «እትዬ፣ ለኃላፊያችን ደውዬ ላስፈቅድልሽ» ብላ ስልኳን አነሣች። ስልኩ ጠራ፤ የጠራው ግን ከሊፍቱ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

በሊፍቱ ውስጥ የነበሩት፣ ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ነበሩ።

ልጅቷ «ጌታዬ፣ አንዲት ተፈታኝ ሊፍት እንደምታውቅ ትናገራለች፤ ልፍቀድላት?» ስትልዎት፣ ከዚያ ከጨለማ ውስጥ ሆነው «ደንቡ ምን ይላል?» ብለው ጠየቋት። «አይፈቅድም ይላል» አለችዎት። ስልኩን ዘጉ። ከዚያ በሩን መፈልቀቅዎን ቀጠሉ። በሕይወቴ ብዙ ለመርሁ የቆመ ሰው አይቻለሁ፤ በሁለት ፎቅ መካከል ሆኖ ለመርሁ የቆመ ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም።

አዳራሹ ውስጥ የነበርነው ሁሉ በደንብ አጥንተን የመጣን ስለሆንን ማንም ንቅንቅ አላለም። ከጎኔ የነበረ አንድ የባንክ ሠራተኛ «እህቴ፣ ተቀመጪ፤ ይህ ራሱ የፈተናው አካል ሊሆን ይችላል» ብሎ በሹክሹክታ መከረኝ፤ ሐሳቡ ሞኝነት ነው ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም። የኮምፒውተሬን ሰዓት አየሁ፤ ሆስፒታሉ ታየኝ። በሩ እንደገና ሲጮኽ ግን እግሬ ሳያማክረኝ ተነሣ።

መጀመሪያ ወደ ሊፍቱ በር ቀርቤ «ጌታዬ፣ በሩን ይልቀቁና ከኋላ ጥግ ይቀመጡ፤ አሁን አወርድዎታለሁ» ብዬ ጮህኩ። «ማን ነሽ?» አሉኝ። «የሊፍት መሐንዲስ ነኝ» አልኩ፤ የቀረውን ለራስዎ ጤና ብዬ ተውኩት። ተፈታኞች ዕቃችንን ከቆለፍንበት ሣጥን የሊፍት መክፈቻዬን አውጥቼ፣ ከሕንፃው ጥበቃ ጋር ጣሪያ ላይ ወዳለው የሞተር ክፍል ሮጥኩ፤ መብራቱ ድንገት ቢመጣ እንዳይነቀንቅዎት ዋናውን ማብሪያ ዘጋሁ፣ ፍሬኑን በእጅ እያላላሁ ሳጥኑን በቀስታ ወደ አራተኛ ፎቅ አወረድኩት። በሩን ስከፍተው ኮትዎን አውልቀው፣ አንድ ጫማዎን በእጅዎ ይዘው፣ በሩን ሲገፉበት የተጎዳውን ቀኝ ትከሻዎን አዘንብለው፣ በላብ ተጠምቀው ነበር። ጫማውን ጥለው እጄን በሁለት እጅዎ ጨብጠው «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥሽ» አሉኝ፤ ድምፅዎ ከልብ ነበር፤ ዓይኔም እንባ አቀረረ። ወዲያው ደረቴ ላይ የተለጠፈውን የተፈታኝ መታወቂያ አዩና እጄን ለቀቁ። «ተፈታኝ ነሽ እንዴ? ማን ፈቀደልሽ?»

እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እስኪደክመኝ ሳቅሁ። ሳቁ ያለቀው ወደ አዳራሹ ተመልሼ ኮምፒውተሬ ላይ «ፈተናዎ ተጠናቋል» የሚለውን ሳነብ ነው። ተቆጣጣሪዋ ቦርሳዬን ይዛልኝ መጥታ ከኔ በላይ አለቀሰች፤ እሷን ሳባብል የራሴን ረሳሁት።

አራተኛው ቅሬታዬ አጭር ነው። ላቀረብኩት አቤቱታ በፊርማዎ የሰጡኝ መልስ «ተፈታኟ ከክፍሉ ከመውጣቷ አስቀድሞ ጉዳዩን ለሚመለከተው የማዕከሉ ኃላፊ ማሳወቅ ይገባት ነበር» ይላል። የሚመለከተው ኃላፊ በስልክም፣ በበር ስንጥቅም፣ በመጨረሻም ፊት ለፊት እንዲያውቁት ተደርጓል፤ ከሰው ሁሉ ቀድመው ያወቁትም እርስዎ ራስዎ ነበሩ። በተረፈ መልስዎ በጥሩ ወረቀት ላይ የተጻፈና ማኅተሙም ቀጥ ብሎ ያረፈ ስለሆነ አመሰግናለሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ታሪኩን ሰምቶ እንባው እስኪወርድ ከሳቀ በኋላ፣ ሆስፒታሉን አስረድቶ ቦታውን እስከሚቀጥለው ዙር ፈተና ይዞልኛል። ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እሳት አደጋ፣ ሕንፃው ቢቃጠል እንኳ ከወንበርሽ እንዳትነሺ።»

ስለዚህ የምለምነው ውጤቴን እንዲሰርዙልኝ ወይም እንዲያድሱልኝ አይደለም፤ የሚከተለውን ጥያቄ ለመጪዎቹ ተፈታኞች በመጽሐፍዎ እንዲያካትቱልኝ ብቻ ነው፦ «አንድ የተከበሩ ኃላፊ በቆመ ሊፍት ውስጥ ሆነው በሩን እየፈለቀቁ ነው። ሊፍት የምታውቅ ተፈታኝ በቅድሚያ ምን ማድረግ ይገባታል? ሀ) ክስተቱን በስጋት መዝገብ ላይ ማስፈር፤ ለ) ባለድርሻ አካላትን ለስብሰባ መጥራት፤ ሐ) ደንቡ ምን እንደሚል ኃላፊውን መጠየቅ፤ መ) ወዲያውኑ ሄዳ ማውጣት።» ትክክለኛውን መልስ በገዛ እጅዎ አክብበው ቢልኩልኝ ቅር አይለኝም፤ የብዕርዎን ፍጥነት ግን አላስገድድም።

ለመርሆዎ ጽናት ባርኔጣዬን እያነሣሁ፣ ለትከሻዎ ፈጣን ማገገምን፣ ለማዕከልዎ የማይጠፋ መብራትን፣ ለተቆጣጣሪዋ የደመወዝ ጭማሪን እየተመኘሁ፣ በአክብሮት ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ፈተናዋን በገዛ ፈቃዷ ያቋረጠችው
የሊፍት መሐንዲስ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በሚቀጥለው ዙር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለመፈተን ተመዝግቤያለሁ። በዕለቱ ክቡርነትዎ በደረጃ ቢወጡ መልካም ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ትክክለኛውን መልስ አጥንቼው እመጣለሁና።